ሽታው ከእኛ፣ ስሙ ከእነሱ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናውን አስፈልታችሁ፣ ዕጣኑንም ጣል አድርጋችሁ አንብቡት፤ የማወራው ስለ ሽታ ስለሆነ ይስማማዋል። («ዓ.ም.» ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሳላችሁ። ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የረጅም ርቀት ንግድ ስንማር የወጪ ንግድ ዕቃዎች ይዘረዘራሉ፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ዝባድ... ብለን እናልፋለን። ዘንድሮ አንዱ ከኋላ ወንበር እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ዝባድ የሰው ስም ነው እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግን የሳቁትም አያውቁትም ነበር እኮ! በወርቅና በዝሆን ጥርስ መሐል የሚጻፍ ዕቃ ምን ቢሆን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እሱ ጠየቀ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የእሱ ነው።

ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት መሰል ነገር ነው። ጥርኝ ብዙ ሰው የድመት ዘር ትመስለዋለች፣ ግን ድመት አይደለችም፤ የራሷ ቤተሰብ ያላት፣ ሌሊት የምትንቀሳቀስ፣ ነጠብጣብና ዥንጉርጉር አውሬ ናት። ከጭራዋ ሥር ዕጢ አላት። ከዚያ የሚወጣውን ቅባት ድንጋይና ግንድ ላይ እየቀባች «ይህ ሰፈር የእኔ ነው» ትላለች። በቃ፣ የዓለምን ባለጸጎች ያሸተተው ነገር መነሻው የአንዲት አውሬ የድንበር ምልክት ነው።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ዝባድ እንዳለ ቢያሸቱት ይከረፋል። አፍንጫ ያስይዛል። በጣም በትንሹ ከአበባ ሽታ ጋር ሲቀላቀል ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ሙቀት ያለው፣ የሰው ገላ ገላ የሚል መዓዛ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌላውን ሽታ ይዞ ያቆያል። የጽጌረዳ ሽታ ብቻውን ቶሎ በኖ ይጠፋል፤ ዝባድ ጠብ ያለበት ሽቶ ግን ነጠላ ላይ ይሰነብታል። ሽቶ ሠሪዎች ለዘመናት የፈለጉት ለዚህ ነው።

በአገራችን ጥርኝ የማርባት ሥራ በተለይ በጅማ፣ በሊሙ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ አካባቢ ይታወቃል። ሥራው በአብዛኛው በሙስሊም የኦሮሞ ገበሬዎች እጅ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ወንዱ ጥርኝ ከጫካ በወጥመድ ይያዝና መዞር በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ይቀመጣል። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ገንፎ ይቀለባል። ቤቱ እሳት እየነደደበት እንዲሞቅ ይደረጋል። ከዚያ በየዘጠኝና በየአሥር ቀኑ ገደማ ቅባቱ በማንኪያ መሰል ነገር ይፋቃል። የሚገኘው ጥቂት ግራም ነው። የተጠራቀመው ዝባድ በከብት ቀንድ ውስጥ ይታሸጋል። ቀንዱ ጠርሙሱም ሳጥኑም ነው።

የቃሉም ጉዞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ዐረቦች ዘባድ ይሉታል፣ እኛ ዝባድ አልነው። ጣሊያኖች ዚቤቶ፣ ፈረንሳዮች ሲቬት፣ እንግሊዞች ሲቬት አሉት። ሁሉም ያው የዐረቡ ቃል ልጆች ናቸው። ዕቃው በየትኛው መንገድ እንደሄደ ቃሉ ይመሰክራል፤ በቀይ ባሕር፣ በዐረብ ነጋዴ እጅ።

እስቲ ከእኛ ደጋ እንነሳ። ከቦረና ወርዶ አባይን ሲሻገሩ ጎጃም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ጎጃም፣ ከየጁቤ አካባቢ፣ ባሶ የሚባል ትልቅ ገበያ ነበር። ከአባይ ማዶ ደግሞ የሊሙ እናርያ መንግሥት አለ። ከ1825 እስከ 1861 የገዛው አባ ባጊቦ ነው፤ ዋና ገበያው ሰቃ ይባላል። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ በ1843 እዚያ ደርሷል። ከጊቤ አገሮችና ከከፋ የሚመጣው ዝባድ፣ ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ሰቃ ላይ ይሰበሰባል። አፍቃላ የሚባሉት የአካባቢው ነጋዴዎች ወደ ሰሜን ያሻግሩታል። ባሶ ላይ የጎጃምና የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች ይረከቡትና በጎንደር አድርገው ምፅዋ ያደርሱታል። ሌላው መንገድ በሸዋ ይዞርና በይፋቱ የአልዩ አምባ ገበያ አድርጎ ወደ ሐረር፣ ወደ ዘይላና ወደ ታጁራ ይወርዳል። ወሎ በነዚህ በሁለቱ መንገዶች መሐል ነው፤ የወሎ ነጋዴም ከሁለቱም ሳይቀምስ አልቀረም።

ይህን ንግድ ግን አሳምሬ ብቻ አልነግራችሁም። ያ ቅፍለት ዝባድ ብቻ አልነበረም የሚጭነው። በእግሩ የሚነዳ ሰውም ነበረበት። ባሪያ የወርቁና የዝባዱ የመንገድ ጓደኛ ነበር። ታሪክ ስናወራ የሚሸተውን ይዘን የሚያስለቅሰውን ብንጥል ተረት ነው የሚሆነው።

በዚያ ዘመን ዝባድ የሚመዘነው በወቄት ነበር፤ ወቄት በአንድ ጠገራ ብር ክብደት ገደማ ማለት ነው፣ 28 ግራም አካባቢ። ወርቅ የሚመዘንበትም ያው ነው። እስቲ አስቡት፣ አንድ በቅሎ ስንት ወቄት ልትሸከም እንደምትችል! ቡና ከባድ ነው፣ አሞሌ ጨው ከባድ ነው፤ ዝባድ ግን ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ዋጋ ያወጣል። ድልድይ በሌለበት፣ ክረምት አባይ በሚሞላበት፣ በየተራራው ኬላ ተቀምጦ ቀረጥ በሚያስከፍልበት አገር ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ ጭነት አይገኝም። ዝባድ ያን ሁሉ መንገድ የተጓዘው ለዚህ ነው።

እና የት ደረሰ? ለንደን ድረስ። የለንደን ሽቶ ነጋዴዎች የሱቃቸውን ምልክት የጥርኝ ሥዕል ያደርጉ ነበር። «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን የጻፈው ዳንኤል ዴፎ፣ ደራሲ ከመሆኑ በፊት በ1692 ወደ 70 የሚጠጉ ጥርኞች ገዝቶ ዝባድ ሊያመርት ሞክሯል። አልሆነለትም። በዚያው ዓመት በዕዳ ተዘፈቀና ኪሳራ አወጀ፤ ጥርኞቹም ተወሰዱበት። ጅማ ውስጥ ገበሬ የሚሠራውን ሥራ ያ ሁሉ ዘመናዊ ነኝ ባይ ከተማ አልቻለበትም ብዬ ብኮራ ይፈረድብኛል?

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1886 ነው። ይህችን ዓመት ያዙልኝ፤ አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በዚያው ዓመት ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ዴቪድ ማኮኔል የሚባል ወጣት አለ፣ የ28 ዓመት ሰው። ሥራው ቤት ለቤት እየዞረ መጽሐፍ መሸጥ ነው። በር ሲያንኳኳ የሚከፍቱለት ሴቶች ናቸው፤ መጽሐፍ ሲላቸው ፊት ይነሡታል። ዘዴ ፈጠረ። መጽሐፉን ላየችለት ትንሽ ሽቶ በነፃ መስጠት ጀመረ። ቆይቶ ሲያየው ሰዎቹ የሚወዱት መጽሐፉን ሳይሆን ሽቶውን ነው። መጽሐፉን ተወውና ሽቶ መቀመም ጀመረ።

የድርጅቱን ስም ማን ብሎ አወጣው መሰላችሁ? «ካሊፎርኒያ ሽቶ ኩባንያ»። ካሊፎርኒያ ከኒው ዮርክ በአገሪቱ ሌላኛው ዳር ያለ ግዛት ነው፤ ከአጅባር ሞያሌ ከሚርቀው በብዙ እጥፍ ይርቃል። ሽቶው የሚቀመመው እዚያ አልነበረም። መጀመሪያ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ከ1897 ጀምሮ ደግሞ በዚያው ግዛት ሰፈርን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ታዲያ ካሊፎርኒያ ለምን? አበባና ፀሐይ ስለሚያስታውስ! ሰውየው የገባው ነገር ይህ ነው፤ ሰው ሽቶ ሲገዛ ሽታውን ብቻ አይገዛም፣ አብሮ ቦታ ይገዛል፣ ሕልም ይገዛል፣ ስም ይገዛል።

ሁለተኛው ብልሃቱ ሻጮቹ ናቸው። የመጀመሪያዋ ወኪሉ ወይዘሮ አልቢ ይባላሉ፣ ኒው ሃምፕሻየር በምትባል ግዛት ዊንቸስተር ከተማ ይኖሩ የነበሩ የ50 ዓመት ሴት ናቸው። እሳቸው ራሳቸው እየዞሩ ከመሸጥ አልፈው ሌሎች ሴቶችን እየመለመሉ አሠለጠኑ። ልብ በሉ፣ የአሜሪካ ሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ነው። ካርድ ሳይኖራቸው በፊት ከ30 ዓመት በላይ የራሳቸውን ገንዘብ በቅርጫት ሽቶ ያገኙ ሴቶች ነበሩ ማለት ነው። ኩባንያው አደገ፣ በ1914 ካናዳ ቢሮ ከፈተ፣ በ1939 ስሙን ቀይሮ ኤቨን ተባለ። ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ኤቨን ይህ ነው።

ይህን ሳነብ የገበያ ቀን ዕጣን፣ ከርቤ፣ አደስና አሪቲ ዘርግተው የሚቀመጡ እናቶቻችን ናቸው የታወሱኝ። እነሱም ሽታ ሻጮች ናቸው። ደንበኛቸውን በስም ያውቃሉ፣ የትኛው ዕጣን ለቡና፣ የትኛው ለማጠኛ እንደሚሆን ይመክራሉ። ወይዘሮ አልቢ ከነሱ የበለጠ ሽታ ያውቁ ነበር ብዬ አላምንም። እሳቸው የነበራቸው ከኋላቸው የቆመ ድርጅት ነው፤ ጠርሙስ፣ ማሸጊያ፣ ባቡር፣ ፖስታ ቤት፣ ስም።

ከአሜሪካ ጋር የተገናኘነው ደግሞ በዚያው ዘመን ነው። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. (ዲሴምበር 1903 መሆኑ ነው) ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ ቆንስል አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። የመጣው ለምንድን ነው? አንዱ ዋና ምክንያት አቡጀዲ ነው። ያ አያቶቻችን የለበሱት ያልነጣ ጨርቅ በብዛት የአሜሪካ ፋብሪካ ውጤት ነበር። የእኛ ቆዳና ቡና ደግሞ ወደዚያ ይሄዳል። ውሉን በአጭሩ እንዲህ አንብቡት፤ እነሱ የተፈተለና የተሸመነ ይልካሉ፣ እኛ የተገፈፈና የተለቀመ እንልካለን። ዝባዱም ከዚያ ወገን ነው። በቀንድ ታሽጎ ይወጣል፤ በጅምላ ነጋዴዎች ዘንድ «የአቢሲኒያ ዝባድ» ይባላል። የሽቶው ጠርሙስ ላይ ግን እናርያ የሚል የለም፣ ሊሙ የሚል የለም።

እዚህ ላይ «ነጭ ዘረፈን» ብሎ ጽሑፉን መዝጋት ቀላል ነው። ላይክም ያስገኛል። ግን የታሪክ መምህር ነኝና አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ለምን እኛ ሽቶ አልሠራንም?

ሽቶ በአጭሩ ንጹሕ አልኮል ውስጥ የሟሟ መዓዛ ነው። ዝባዱ አለን። ዕጣኑ፣ ከርቤው፣ አደሱ፣ ጠጅ ሳሩ አለን። አልኮል ማውጣትስ? አረቄ የሚያወጡ እናቶችን ሂዱና እዩ፤ ጭሱን አቀዝቅዞ ጠብታ ማድረግን ከማንም አልተማሩትም። የፈረንሳይዋ ግራስ ከተማ የሽቶ ዋና ከተማ የሆነችው እንዴት ነው? መነሻዋ ቆዳ ፋቂዎች ናቸው። የቆዳ ጓንት ይሠራሉ፣ ጓንቱ ይከረፋል፣ ሽታውን ለመሸፈን ሽቶ ይቀቡታል፤ ቀስ በቀስ ጓንቱ ቀርቶ ሽቶው ዋና ሥራ ሆነ። ቆዳም ፋቂም እኛ ጋ ነበሩ።

የጎደለን ሌላ ነው። አንደኛ፣ ጠርሙስ። ጠጅ የምንጠጣበት ብርሌ እንኳ ከውጭ ነበር የሚመጣው። ሁለተኛ፣ መንገድና ኬላ። ዕቃው ከሰቃ ምፅዋ እስኪደርስ በየባላባቱ ደጅ ይቀረጣል፤ ነጋዴው ያተረፈውን በቀንድ ይዞ መሸሽ እንጂ አንድ ቦታ ተክሎ ፋብሪካ ማቆም አያዋጣውም። ሦስተኛው ከሁሉም ያመኛል፤ ንቀት። ቆዳ የሚፍቀውን ፋቂ፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ቡዳ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በል እያልን ስንሰድብ ኖርን። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ግራስ ቆዳ ፋቂዋን አክብራ ከበረች፤ እኛ የእኛን ከሰፈር አስወጥተን ከመንደር ዳር አሰፈርነው። ልጁን ዳር ያወጣ አገር ስሙን መሐል ሊያስገባ አይችልም።

ታሪኩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቀጠለ። በ1921 ሻነል ቁጥር 5 ወጣ፤ በዓለም ከታወቁት ሽቶዎች አንደኛው ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፣ ዝባድም ገብቶበታል። በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ሳይንቲስት የዝባድ ሽታ ዋና ንጥረ ነገር እንዴት እንደተሠራ ደረሰበት። 17 የካርቦን አቶሞች ክብ ሠርተው የተያያዙበት ቀለበት ነው። ያን ያህል ትልቅ ቀለበት በተፈጥሮ ጸንቶ ይኖራል ብሎ የጠበቀ ኬሚስት ብዙም አልነበረም። ሩዚችካ እንዲህ ባሉ ሥራዎቹ በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፈለ። የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ ኖቤል ከጥርኝ ዕጢ ጋር እንደሚገናኝ ነግሯችሁ የሚያውቅ መምህር አለ?

ያ ግኝት ግን ለገበሬው መርዶ ነበር። ንጥረ ነገሩ ከታወቀ በላብራቶሪ መሥራት ይቻላል። ሰው ሠራሹ እየረከሰ፣ የተፈጥሮው እየተተወ መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የእንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅቶች ጥርኞቻችን በዚያ ጠባብ ጎጆ ውስጥ የሚያዩትን መከራ ለዓለም አሳዩ። ሻነል ራሱ በ1998 የተፈጥሮ ዝባድ መጠቀም አቁሜያለሁ አለ። እውነቱን ለመናገር ትችቱ ተገቢ ነው። መዞር የማይችል፣ እሳት እያነደዱ የሚያሞቁት፣ እየተያዘ የሚፋቅ አውሬ ያሳዝናል። ግን በዚያው ልክ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጠርሙሱ ላይ ስማችን ያልተጻፈው በክብሩ ዘመን ነው። የጭካኔው ወሬ ሲመጣ ግን ኢትዮጵያ የሚለው በትልቁ ተጻፈ። ስምህን አንተ ካልጻፍከው ሌላው በሚፈልገው ቀን፣ በሚፈልገው ቦታ ይጽፈዋል።

ስም ገንዘብ መሆኑን መንግሥታችን በግልጽ ያሳየበት አንድ ጊዜ አለ፤ ቡና። በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች የንግድ ምልክቷ ሆነው እንዲመዘገቡላት አሜሪካ ውስጥ አመለከተች። ክርክር ተነሣ፣ ስታርባክስም ገባበት፤ በመጨረሻ በ2007 ኩባንያው ስሞቹን የሚመለከት ስምምነት ከኢትዮጵያ ጋር ፈረመ። ከጫካው ቡና ሳይጨመርበት፣ አንድ ኪሎ ሳይበዛ፣ የተከራከርነው ስለ ስም ብቻ ነው። ማኮኔል በ1886 የገባው ነገር እኛ ዘንድ የደረሰው ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አብሽሩ፣ ይዘግያል እንጂ ይደርሳል።

አሁን ተራው የዕጣን ነው። የመተማ፣ የቋራና የአበርገሌ ቆላ ዕጣን ዛሬም በጆንያ ነው የሚወጣው። ዛፉ ደግሞ እየተመናመነ ነው። እየደጋገሙ ሲያደሙት፣ ከብት ችግኙን ሲበላበት፣ እሳት ሲገባበት አዲስ ዛፍ አይተካም፤ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያስጠነቀቁት ይህንን ነው። የዝባድ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይሰጠናል። የምትሸጠውን እንስሳና ዛፍ አሠቃይተህ አትዘልቅም፤ ጥሬውን ብቻ ሸጠህም ላብራቶሪ የቀደመህ ቀን ባዶህን ትቀራለህ።

ለቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ ቃል። ብዙዎቻችሁ ዛሬ ዐረብ አገር ናችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ሽቶና ኡድ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ እንደምትሠሩ ጽፋችሁልኛል። ሌሎቻችሁ ኬሚስትሪ፣ ሌሎቻችሁ ማርኬቲንግ እየተማራችሁ ነው። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሽቶ ቤት ይሆናሉ እኮ! አንዷ ደንበኛ ምን እንደሚወድ ታውቃለች፣ አንዱ አደስና ጠጅ ሳር እንዴት እንደሚነጠር ያውቃል፣ አንዱ ስም ማውጣት ያውቃል። ጥርኝ ማሠር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መተዋወቅ ነው፤ ኮመንቱ ላይ ተፈላለጉ።

ስሙን ካሊፎርኒያ እንዳትሉት ብቻ። ሳይንት በሉት፣ ቦረና በሉት፣ አጅባር በሉት።

ቤታችሁ አያት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቁልኝ፤ ዝባድ አሽትተው ያውቃሉ? ለራስ ምታት ነበር ወይስ ለጠጉር? ከየት ነበር የሚገዙት፣ በስንት? የሰማችሁትን ጻፉልኝ፣ ሰብስቤ ለክፍል ማስተማሪያ አደርገዋለሁ። መጽሐፉ በአንድ ቃል ያለፈውን እኛ በአንድ ገጽ እንሞላዋለን።

መልካም ሰንበት ይሁንላችሁ።